ጀልባው ላይ የቀሩት አንባቢ

መቅደላዊት ገድሉ የጻፈችውን ብዙ ሰው ያነባል፤ እሷን ግን የሚያውቃት አልነበረም። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንሽ ቢሮ ነበረች። ቢሮዋ በጣና ዙሪያ ያሉ ገዳማትን፣ ፏፏቴውን፣ ፍል ውኃውን፣ ሆቴሎቹን ለእንግዳ የሚያስተዋውቅ ድረ ገጽ ነበራት። የድረ ገጹን ጽሑፍ ሁሉ የምትጽፈው መቅደላዊት ናት። ስሟ ግን የትም አይወጣም። በየገጹ ግርጌ ያለው የቢሮው ስልክ ቁጥር ብቻ ነው።

ያደገችው ዘጌ ነው። አባቷ መሪጌታ ገድሉ ድጓ ያስተምሩ ነበር፤ ቤታቸው ከተማሪ አይጠፋም፤ እሷም በልጅነቷ ጸጥታ የሚባል ነገር ምን እንደሆነ ሳታውቅ አደገች። ያወቀችው በኋላ ነው። አባትና እናቷ ተከታትለው ሞቱ። ታናሽ ወንድሟ መርስዔ ኀዘን አዲስ አበባ ገብቶ ሥራና ትዳር ያዘ፤ በበዓል በበዓል ይደውላል። ባሏ አዘዘ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ኮምቦልቻ የተሻለ ሥራ አገኘና ሄደ። መጀመሪያ በየወሩ ይመጣ ነበር፤ ቀጥሎ በዓመት በዓል፤ ቀጥሎ ስልክ ብቻ ሆነ። ተጣልተው አያውቁም። አንድ ቀን በስልክ «ለመሆኑ አሁንም ባልና ሚስት ነን?» ብላ ጠየቀችው። እሱ ስለ ሥራው አወራት፤ እሷም ደግማ አልጠየቀችም፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ሽምብጥ በሚባለው ሰፈር ከአንድ ግቢ ጀርባ ያለች ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቢሮው ኃላፊ ከምናሴ ጋር ታወራለች። ቅዳሜና እሑድ ግን ባለሱቁን «ዳቦ አለ?» ብላ ከመጠየቅ በቀር የገዛ ድምፅዋን ሳትሰማ የምታሳልፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

ምናሴ ከእሷ በዕድሜ የሚያንስ፣ አዲስ አበባ ያደገ፣ ደግ ልጅ ነበር። ቀን ከሌሊት የሚያስጨንቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ጎግል ላይ ሲፈልግ የእነሱ ገጽ ከሁሉ በላይ መውጣት አለበት።

«መቅዲ፣ ሰው የሚጽፈውን ቃል እናውቀዋለን» ይላታል። «'ምርጥ' ይላል፣ 'ለቤተሰብ' ይላል፣ የቦታውን ስም ይላል። እነዚህ ቃላት በየአንቀጹ ይግቡልኝ። የቀረው እንደፈለገ ይሁን።»

ሥራ በጀመረች ሰሞን «የሚያነበውስ ሰው?» ብላው ነበር።

«መጀመሪያ ያግኘን። ማንበቡ ይደርሳል።»

ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። ስለ ክብራን ገብርኤል እንድትጽፍ ሲያዛትም እንደተለመደው ጻፈች። «ክብራን ገብርኤል ገዳም ከባሕር ዳር ምርጥ ገዳማት አንዱ ሲሆን፣ ምርጥ የገዳም ጉብኝት ለሚፈልጉ ቤተሰቦች ክብራን ገብርኤል ገዳም ምርጥ ምርጫ ነው።» እንዲህ እያለ እስከ ታች ይወርዳል። ክብራን ደሴት ላይ ያለ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት ከወደቡ አታልፍም። ይህን የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የመሪጌታ ልጅ ደግሞ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ግን «አይገቡም» ብሎ የሚፈልግ ሰው ስለሌለ፣ የሚያውቁት ነገር ደግሞ የሚጻፍ ስለማይመስል፣ ሳትጽፈው ቀረች። ገጹ ጥቂት ቆይቶ ከሁሉ በላይ ወጣ። ምናሴ ደስ ብሎት ምሳ ጋበዛት።

በታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት የቢሮው ስልክ ጮኸ። ምናሴ አልነበረም፤ መቅደላዊት አነሣችው።

«እንደምን አደራችሁ። የድረ ገጹ ቢሮ ነው?» የሴት ድምፅ ነው፤ ያልቸኮለ፣ ቃል በቃል የሚሰማ።

«አዎ፣ እንደምን አደሩ። ምን ልታዘዝ?»

«ሙሉነሽ እባላለሁ፣ ከአዳማ ነው የመጣሁት። ስለ ክብራን ገብርኤል የጻፋችሁትን አንብቤ ነው። የጻፈውን ሰው ማግኘት እችላለሁ?»

መቅደላዊት እዚያ ወንበር ላይ በተቀመጠችባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም አንባቢ ደውሎ አያውቅም። ሆቴሎች ይደውላሉ፤ ማስታወቂያ የሚፈልጉ ይደውላሉ። ልቧ በደስታ ዘለለ።

«እኔ ነኝ የጻፍሁት» አለች።



«ሴት ነሽ እንዴ?» አሉ ሴትዮዋ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ታውቂው ነበር።»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን መቅደላዊት ይቅርታ ትላለች፣ ታስረዳለች፣ ምክንያት ታቀርባለች። አሁን ግን ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ አዳመጠች። ወይዘሮ ሙሉነሽ ቀስ ብለው ነገሯት። የስለት ጥላ ይዘው መጡ። ጀልባ ተከራዩ። ባለጀልባው ልማዱን የሚያውቁ መስሎት ምንም አላላቸውም። ወደቡ ላይ ሲደርሱ አንድ መነኩሴ ብቅ ብለው «እናቴ፣ ከዚህ አያልፉም» አሏቸው። ጥላውን ባለጀልባው ይዞላቸው ወጣ። እሳቸው እስኪመለስ ጀልባው ውስጥ ቁጭ ብለው ጠበቁ።

«ጥላው ገብቷል፤ ስለቱም ደርሷል» አሉ። «እኔ ግን ሳልደርስ ቀረሁ። የደወልኩት ለክስ አይደለም ልጄ። የምመለሰው ነገ ከሰዓት ነው። ሐይቁ ላይ ሴት የምትገባበት ቤተ ክርስቲያን ይኖር እንደሆነ ብዬ ነው። ጽሑፉን ደግሜ ደግሜ አየሁት፤ አላገኘሁበትም።»

«የት ነው ያረፉት?» አለች መቅደላዊት።

የቢሮውን በር ቆልፋ በባጃጅ ወደ ፔንሲዮኑ ሄደች። ወይዘሮ ሙሉነሽ እንግዳ መቀበያው ጥግ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሲያዩዋት ተነሡ። መቅደላዊት ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው።

«ተቀመጪ» አሉ። «ልጅ ነገር ነሽ። ትልቅ ሰው ነበር የመሰለኝ።»

ወይዘሮ ሙሉነሽ ጡረታ የወጡ የቴሌ ኦፕሬተር ናቸው፤ የስልክ መስመር በእጅ በሚያያዝበት ዘመን የጀመሩ። ባላቸው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ወታደር ነበር፤ በሰሜኑ ጦርነት ቆስሎ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኛ። ከዚያ ሆኖ «እማ፣ ሐይቁ መሀል ገብርኤል አለ አሉ» ብሎ በስልክ ነገራቸው። እሳቸውም ስልኩን ሳይዘጉ ተሳሉ። ልጁ ዳነ። ከዳነ በኋላ ግን አገር ውስጥ አልቆየም፤ ሥራ ፍለጋ ወጣ፤ አሁን የሚያገኙት በስልክ ነው።

«አብሮኝ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ቆየሁ» አሉ። «ቢመጣ እሱ ይገባ ነበር፤ እኔም ውጭ ብቀር አይቆጨኝም።»

መቅደላዊት ነገ ጠዋት አብራቸው እንደምትሄድ ነገረቻቸው። ምናሴን በስልክ አስፈቀደች፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችውም።

በማግስቱ ማለዳ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። ከዘጌ በኩል እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ወደ ከተማው ይመጣሉ። ጀልባዋ ክብራንን በቅርብ ስታልፍ ወይዘሮ ሙሉነሽ ነጠላቸውን ወደ ፊት ሳቡና ተሳለሙ። ከክብራን አጠገብ፣ ጠባብ ውኃ ብቻ የሚለየው፣ እንጦስ የሚባል ደሴት አለ። የሴቶች ገዳም ነው። የመቅደላዊት እናት ለገብርኤል የሚሉት ነገር ሲኖራቸው እዚያ ሄደው ነበር የሚሉት፤ ልጅ ሆና ተከትላቸው ሄዳለች፤ ካደገች ወዲህ ግን ረግጣው አታውቅም።

ወለተ ኪዳን የሚባሉ እማሆይ ተቀብለው ቤተ ክርስቲያኑን አሳዩዋቸው። ከተሳለሙ በኋላ መቅደላዊት ወይዘሮ ሙሉነሽን ክንዳቸውን ይዛ፣ በዛፎቹ መሀል ክብራን ፊት ለፊት ወደሚታይበት ዳርቻ ወሰደቻቸው። ሴትዮዋ ጫማቸውን አወለቁ። ብዙ ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የልጃቸውን ስም ስትሰማ መቅደላዊት ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከሰው ጋር ሆና ዝም ካለች ስንት ጊዜ እንደሆናት አሰበች። ብቻዋን ስትሆን ያለው ዝምታና ይኼኛው አንድ አልነበሩም።

ሲመለሱ፣ ጀልባዋ ላይ፣ ወይዘሮ ሙሉነሽ ጠየቋት።

«ስትጽፊ ማንን እያሰብሽ ነው?»

«ማንንም» አለች መቅደላዊት። «ማሽኑን ነው። ማሽኑ ቃሉን እየቆጠረ ነው የሚያወጣን።»

«እኔ ደግሞ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለእኔ የጻፈልኝ መስሎኝ ነበር። 'ለሚፈልጉ ቤተሰቦች' ይላል አይደል? እኔ ብቻዬን ስለሆንኩ፣ እንዲያው ቤተሰብ ያላቸውን አስበው ነው፣ እኔንም አይከለክሉኝም ብዬ መጣሁ።»

መቅደላዊት ፊቷን ወደ ውኃው መለሰች። የጀልባው ሞተር ድምፅ እስከ ከተማው አጀባቸው።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ሙሉነሽን ሸኝታ ወደ ቢሮ ገባችና የክብራንን ገጽ ከላይ እስከ ታች ደመሰሰችው። እንደገናም ጻፈችው።

«ሴት ከሆኑ ክብራን ገብርኤል አይገቡም። ይህን አስቀድመን የምንነግርዎ ጀልባ ከመከራየትዎ በፊት እንዲያውቁት ነው። ስለት ካለብዎ ወንድ ዘመድ ወይም ባለጀልባው ያስገባልዎታል፤ እርስዎ ከወደቡ አያልፉም። አጠገቡ ወዳለው እንጦስ ገዳም ሴቶች ይገባሉ፤ ከዚያ ሆነው ክብራንን ፊት ለፊት ያዩታል። ጠዋት ይሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ይናወጣል።»

ምናሴ ሲያነበው ቅንድቡን ሰበሰበ።

«'ምርጥ' የት ሄደ?»

«አወጣሁት።»

«መቅዲ፣ መጀመሪያው መስመር ላይ 'አይገቡም' ስትዪው ሰውየው ዘግቶ ይሄዳል እኮ።»

«ይሂድ። ጀልባ ላይ ሆኖ ከሚያውቀው ቤቱ ሆኖ ቢያውቀው ይሻለዋል።»

የሆነውን ነገረችው። ምናሴ ሰምቷት ሲያበቃ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ። «እውነትሽን ነው» አለ በመጨረሻ። «ግን ማስታወቂያ የሚሰጡን ሆቴሎች የሚያዩት የጎብኚውን ብዛት ነው። ይህ ገጽ እንዳለ ይሁን። ሌላውን አትንኪብኝ።»

ምናሴ እንደፈራው ገጹ ፍለጋው ላይ ወረደ። መቅደላዊትም የቀሩትን ገጾች ነካካቻቸው፤ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለች። ምናሴ እያወቀ አልከለከላትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዛ የጻፈችባቸውን ቦታዎች ታያለች። ጢስ ዓባይ ሄዳ በበጋ ውኃው ቀጭን እንደሚሆን፣ ፎቶው ላይ ያለውን እንዳይጠብቁ ጻፈች። ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄዳ መኪና የት እንደሚቀየር፣ የመጨረሻው መኪና መቼ እንደሚመለስ ጻፈች። ምግብ ቤት ስትገባ አስተናጋጁ «ሰው ይጠብቃሉ?» ይላታል። «አይ፣ ብቻዬን ነኝ» ትለዋለች። ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግማ ከማለቷ የተነሣ፣ ብቻዋን የመጣች ሴት ማንም ሳያፈጥባት የምትበላበት ቤት የቱ እንደሆነ ለየችና እሱንም ጻፈች። ስትጽፍ ፊቷ ድቅን የሚለው አንድ ሰው ነው፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የተቀመጡ፣ የሚጠይቁት ሰው የሌላቸው ሴት።

ወይዘሮ ሙሉነሽ አዲስ ገጽ በወጣ ቁጥር መነጽራቸውን አድርገው አንብበው ይደውሉላታል።

«የጢስ ዓባዩን አየሁት። ጥሩ ነው። ሽንት ቤቱን ግን አልጻፍሽም።»

«ረሳሁት።»

«አይረሳም። ትልቅ ሰው ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። መቀመጫስ አለ?»

መቅደላዊት እየሳቀች ትጽፋለች። አንዳንዴ ስለ ገጹ ምንም ሳያነሡ ይጨዋወታሉ፤ አዳማ ስለ መሞቁ፣ ልጃቸው ስለ መደወሉ፣ ስለ አለመደወሉ። እሷ ግን አንድም ቀን ስለ ራሷ አላወራችም፤ ሳይጠይቋት ቀርተው አይደለም፤ ወሬው ገና ብዙ ጊዜ ያለው መስሏት ነው።

ከዚያ በክልሉ ግጭት ተነሥቶ ክፉው ጊዜ መጣ። መንገዱ የሚያስኬድ አልሆነም፤ እንግዳ መምጣቱን ተወ፤ የስልክ ኢንተርኔቱም ለወራት ተቋረጠ። ድረ ገጹ እዚያው ነው፤ ባሕር ዳር ያለ ሰው ግን አያየውም፤ ሌላ ቦታ ያለውም ሊመጣ አይችልም። ማስታወቂያው ቆመ። ምናሴ ቢሮውን ዘግቶ ወደ ወላጆቹ ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ወሰነ። ኮምፒውተሮቹን ሲያሽግ አገዘችው።

«ድረ ገጹን ለአንቺ ልተውልሽ» አላት። «እኔ ምንም አላደርግበትም። ምናልባት አንድ ቀን ሰው ይመጣ ይሆናል።»

በሩ ላይ ሲሰናበቱ «መቅዲ፣ ይቅርታ» አላት። ሳጥኑን ተሸክሞ ደረጃውን ወረደ።

በዚያ ሰሞን ወይዘሮ ሙሉነሽ መደወላቸውን አቆሙ። መቅደላዊት ስትደውል የተቀዳ ድምፅ ብቻ ነው የሚመልስላት፤ ቁጥሩ ጥሪ እንደማይቀበል ይነግራታል። ለበዓል ደወለች፤ ከበዓል በኋላም ደወለች። ምናልባት ቁጥር ቀይረው ይሆናል፤ ምናልባት ልጃቸው ጋ ሄደው ይሆናል፤ ሦስተኛውን ማሰብ አልፈለገችም። ሄዳ ልትጠይቅ ብታስብም፣ አዳማ ውስጥ የት ሰፈር እንደሚኖሩ ጠይቃ እንደማታውቅ ያኔ ነው የገባት። ያን ሁሉ ጊዜ የምታውቀው ድምፃቸውን ነበር።

አንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ውስጥ ሥራ አገኘች። ቀኑን ሙሉ በትንሽ መስኮት በኩል የተማሪ ጥያቄ ስትመልስ ትውላለች፤ ማታ ቤቷ ትገባለች። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ድረ ገጹን ከፈተችው። ፍለጋው ውስጥ ወደ ታች ወርዶ፣ ሆን ብሎ ቆፍሮ ካልሆነ ማንም የማያገኘው ሆኗል። አዲስ የተከፈቱ ሌሎች ገጾች ከላይ ተደርድረዋል። አንዱን አነበበችው፤ «ምርጥ»፣ «ለቤተሰብ»፣ የቦታው ስም፣ እንደገና «ምርጥ»። ዘጋችው። የራሷን ገጾች ማስተካከል ጀመረች። ያልተረጋገጠውን መንገድ «ከመነሣትዎ በፊት ይደውሉ» እያለች፣ የቢሮውን ቁጥር አውጥታ የራሷን አስገባች።

ወራት አለፉ። የደወለ የለም። አንድ ቀን ግን በገጹ በኩል መልእክት መጣ። የላከው ኃይለ ገብርኤል የሚባል፣ በቆጋ መስኖ ድንች የሚያለማ የመራዊ ሰው ነው። «አባቴ ጉልበታቸውን ታመዋል። ወንዛዬ ሊሄዱ ፈልገዋል። ከመኪናው መውረጃ እስከ ውኃው መንገዱ ምን ይመስላል? በምርኩዝ ይሄዱታል?»

መቅደላዊት የጻፈችውን ገጽ ከፈተች። መኪናው አለ፤ ሰዓቱ አለ፤ ማረፊያው አለ፤ ሽንት ቤቱም አለ። በምርኩዝ ስለሚሄድ ሰው ግን ምንም አልጻፈችም። ጤነኛ እግር ይዛ ስለሄደች ልብ አላለችውም ነበር። እዚያው ቁጭ ብላ በግምት ልትመልስለት ትችል ነበር። እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ ወንዛዬ ሄደች።

ከመኪናው ወርዳ ጃንጥላዋን እንደ ምርኩዝ ይዛ፣ እግሯን እየጎተተች፣ በሽማግሌ እርምጃ ወደ ውኃው ሄደች። መንገደኛው ያያታል። አንዲት ሴት ቀርባ «እህቴ፣ ልደግፍሽ?» አለቻት። መቅደላዊት ደህና መሆኗን ልትነግራት አፏን ከፈተች፤ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ክንዷን ሰጠቻት። ሴትዮዋ እስከ ውኃው ይዛት ሄደች። ስለ እናቷ ወገብ፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት እያወራቻት ነበር። ሲደርሱ ለቀቀቻትና ወደ ሰዎቿ ሄደች።

ማታ ለኃይለ ገብርኤል ጻፈችለት። «ሲወርዱ ቁልቁለቱ ብዙም አያስቸግራቸውም፤ ሲመለሱ ነው የሚከብዳቸው። መሀል ላይ የሚቀመጡበት ድንጋይ አለ። ዝናብ ከጣለ ያዳልጣልና ያን ቀን አይምጡ። የሚደግፋቸው ሰው ባይኖርም አይፍሩ፤ እዚያ ያለው ሰው ይደግፋል።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ትክክል እንደሆነ አየችና ላከችው።

መልስ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። አባትየው ሄደው ይሁን፣ መልእክቱ ደርሶ ይሁን፣ አላወቀችም። ሐሙስ ዕለት ከሥራ ገብታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ በሩን ለነፋስ ገርበብ አድርጋ ተቀመጠችና የወንዛዬን ገጽ ከፈተች። «በምርኩዝ ለሚሄዱ» የሚል ንዑስ ርእስ ጻፈች። ከግቢው ፊት ለፊት የአከራዮቿ ልጆች ሲጫወቱ ይሰማል። ስለ ድንጋዩ የሚለው የቱ ጋ እንደሚሻል እያሰበች ወደ ላይ ወሰደችው፤ ወደ ታች መለሰችው።